ኢንተርንሺፕ፦ ግቢው ይመድበን ወይስ ራሳችን እንፈልግ?

አድሚን፦ ትናንት ማርቆስ ያላችሁ ተማሪዎች ያነሳችሁት ነው። የልምምድ ቦታ ግቢው ይመድብ ወይስ ተማሪው የትብብር ደብዳቤውን ይዞ ይዙር? ስድብ የለም።

የቢቸና ልጅ (ሲቪል)፦ ግቢው ይመድብ! ደብዳቤዬን በክላሰር ይዤ ሰባት ቢሮ ዞርኩ። አምስቱ ጋ ከጥበቃው አላለፍኩም። አንዱ ጋ «ማን ላከሽ?» አሉኝ። ደብዳቤው ላይ ማህተም አለ እኮ! የክፍላችን ልጅ ግን አጎቱ አንዴ ደወለለትና አለቀ።

ጋሼ ሳይት (ተቋራጭ፣ ቡሬ)፦ ልጄ፣ ድካምሽ ገብቶኛል። ግን ተመድበው የመጡትንም አይቻለሁ። አምና ለአንዱ የስላምፕ ኮን፣ ማለት የኮንክሪቱን ቅጥነት መለኪያ ቆርቆሮ፣ ሰጥቼ «ፈትሽልኝ» አልኩት። ኮንክሪቱን በአንዴ ግጥም አድርጎ ሞላው። በሦስት ዙር እየተሞላ፣ እያንዳንዱ ዙር በዘንግ 25 ጊዜ እንደሚጠቀጠቅ አልሰማም። ግንበኞቹ ሳቁበት፤ በማግስቱ ቀረ። በወሩ መጨረሻ ሎግ ቡኩን፣ የዕለት ሥራ መዝገቡን፣ ሊያስፈርመኝ መጣ። ሁሉም ገጽ ላይ «ሳይት ጎበኘሁ»!

የቢቸና ልጅ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ኮኑን የት እናውቀዋለን? ላብ ውስጥ አንድ ኮን ለአርባ ተማሪ ነው። እኔ ከኋላ ቆሜ የጓደኛዬን ጀርባ ነው ያየሁት።

አካውንቲንጓ፦ 😂 እኔ ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ተመድቤ ሁለት ወር ፎቶ ኮፒ አነሳሁ። ማሽኑ ሲነክስ ወረቀቱን የማወጣው እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይችልም ነበር። ስለዚህ «ግቢው ይመድብ» ስትሉ ምን እንደምትለምኑ እወቁ።

መምህሩ፦ እኔም አድቫይዘር ነኝ፣ ልናገር። ምደባ በወረቀት ቀላል ነው። ግን ልጁ ድሬዳዋ ወይ አዲስ አበባ ሲመደብ ቤት ኪራዩን ማን ይችላል? እኔስ ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም የዓባይን በረሃ ተሻግሬ፣ ስንቴ ሄጄ አየዋለሁ? መንገድ ሲዘጋማ በስልክ «እንዴት ነህ» ነው። መውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ተማሪው ሳይት ላይ ሆኖም ሐሳቡ ሞጁሉ ላይ ነው። ቡሬ ፓርክ አለ፣ ደጀን ሲሚንቶ አለ፤ ቅርቡን አንኳኩ።

የቢቸና ልጅ፦ መምህር፣ አንኳኳን እኮ! በር የሚከፍት ጠፋ። ቢያንስ ግቢው የሚቀበሉትን ዝርዝር ይለጥፍልን። ስንት ሰው እንደሚወስዱ፣ ማንን እንደምናናግር። የአጎት ልጅም የገበሬ ልጅም እኩል ያንብበው።

መምህሩ፦ ዝርዝሩ ላይ እስማማለሁ። ሰኞ ግቢውን ከድርጅቶች ጋር ለሚያገናኘው ለትስስር ቢሮው አቀርባለሁ። መመደብ ግን አይሆንም።

አካውንቲንጓ፦ ዝርዝሩ ላይ «ፎቶ ኮፒ ብቻ» የሚል ዓምድም ይግባ።

ጋሼ ሳይት፦ ዝርዝሩ ላይ የእኔን ሳይት ጻፉት፣ አራት ሰው እወስዳለሁ። ግን ሳትለማመዱ አትምጡ። ቅዳሜ ለሥራ ማርቆስ እመጣለሁ፣ ኮኑንና ዘንጉን መኪናዬ ላይ እጭናለሁ። አሸዋና ጠጠር እናንተ ፈልጉ።

የቢቸና ልጅ፦ እግዜር ይስጥልን ጋሼ! ሲሚንቶውስ?

ጋሼ ሳይት፦ ግማሽ ከረጢት ተርፎኛል። ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማርፈድ የለም።