የፈረንሳይ ሪቪዬራ በምን ተነሣ? አንኮበርስ?

የደብረ ብርሃኑ
ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ሰሞኑን ስለ ፈረንሳይ ሪቪዬራ፣ ማለትም ስለ ደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ፣ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። ኒስ፣ ካን፣ ሞናኮ፣ ጉድ ነው። እኛ ባሕር ባይኖረንም ከአንኮበርና ከጣርማ በር ቁልቁል የሚታየው ገደል የዋዛ ነው እንዴ? እነሱን ያለማቸው መንግሥት ነው ወይስ ሀብታም?

ብርዱ ለመደኝ
መጀመሪያ ሀብታም ነው፣ ያውም የሰው አገር ሀብታም። ደግሞ ባሕር ለመዋኘት አልነበረም የሚሄዱት። እንግሊዞች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የአገራቸውን ብርድ ሽሽት ኒስ ይከርሙ ነበር፤ ብዙዎቹ የሳንባ ሕመምተኞች ናቸው፣ ሙቀቱ ሲመጣ ሆቴሉ ይዘጋል። ካን የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ1834 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሎርድ ብሩም የሚባል የእንግሊዝ ፖለቲከኛ ወደ ጣሊያን ሲያልፍ በኮሌራ ምክንያት ድንበሩ ተዘጋበትና እዚያው ቀረ፣ ወደዳት፣ ቤት ሠራ፣ ባለጸጋ ወገኖቹም ተከተሉት። በሙቀቱ ወራት ባሕር ዳር መዝናናት የተለመደው ከ1920ዎቹ ወዲህ ነው። በ1936 ሠራተኛው ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት ሲያገኝ ደግሞ ተራው ሕዝብ ጎረፈ።

ሹፌሩ
ባቡሩንስ? በ1864 ኒስ ባቡር ባይገባ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው በምን ይመጣ ነበር? ትንሿ አገር ሞናኮም በ1861 አብዛኛውን መሬቷን ለፈረንሳይ ለቃ ባዶ ካዝና ይዛ ቀርታ ነበር፣ በ1863 ሞንቴ ካርሎ ላይ ቁማር ቤት ከፍታ ነው የተነሣችው። ቁማሩ ይቅርብን፣ መንገዱን ግን አስቀድሙ። ጭቃ ላይ ሎጅ ቢሠራ ማን ይደርሳል?

የመንዝ ልጅ
ሁላችሁም መሬቱን ዘለላችሁት። እዚያ የባሕሩን ዳር ሕንፃ ከሞላው በኋላ ነው በ1986 ሕግ ወጥቶ ከተማ ባልሆነው ዳርቻ ከውኃው 100 ሜትር ሳይርቁ መገንባት የተከለከለው። እዚያ ተወልዶ ያደገው ልጅ ዛሬ ቤት መግዣ አጥቷል። አንኮበር ላይ ባለሀብት ገደል አፉን በሙሉ አጥሮ ቢይዘውስ፣ አገሬው ከብቱን የት ሊያሰማራ ነው? ወንድሜ፣ ኒስን ከምታይ መንዝ ያለው የሣር ምድራችን ጓሳ ና። አባቶቻችን ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው በወቅቱ እየከፈቱ ከ400 ዓመት ያላነሰ ጠብቀውታል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ያለው በዚያ ምክንያት ነው። እንግዳ ማደሪያውም የማኅበረሰቡ ነው። ገቢው እዚያው ይቀራል።

የደብረ ብርሃኑ
ይኼንን አላሰብኩትም። በጥቅምት ብመጣ ለማደር ብርዱ ይቻላል?

የመንዝ ልጅ
የደብረ ብርሃን ሰው ሆነህ? ና ብቻ፣ ባና አይጠፋም። መኪና ግን ከፍ ያለ ያዝ።