ዲሲ ብቻዬን፦ የጥቁር አሜሪካውያንን ነባር ሰፈሮች በእግር ማየት እፈልጋለሁ፤ ምከሩኝ

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)

ሰላም ለሁላችሁ። በሚያዝያ መጨረሻ ሲልቨር ስፕሪንግ የአጎቴ ልጅ ሠርግ አለ። ከሠርጉ በኋላ ሁለት ቀን ተኩል እቆያለሁ። ኋይት ሃውስንና ሐውልቶቹን ከዚህ በፊት አይቻቸዋለሁ። አሁን ማየት የምፈልገው ጥቁር አሜሪካውያን ያቀኗቸውን ሰፈሮች ነው፤ ዩ ስትሪትን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አካባቢን፣ አናኮስቲያን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብራኝ የምትሠራ ጥቁር አሜሪካዊት አለች። አያቷ ዲሲ ነው ያደጉት። ዩ ስትሪት ስትለኝ ትዝ ያለኝ ክትፎ ቤቱ ብቻ ነበር። እሷ ስታወራልኝ ግን ጭራሽ የማላውቀው ከተማ ሆነብኝ። አሥር ዓመት አሜሪካ ኖሬ ይህን አለማወቄ ከነከነኝ።

ዘመዶቼ አናኮስቲያ ስላቸው "ብቻሽን? በፍጹም!" አሉኝ። መኪና አልከራይም። በባቡር ይቻላል? ከየት ልጀምር? ብቻዋን ለሆነች ሴት እንዴት ነው? ደግሞ የሰው ሰፈር ገብቼ ሰዉን እንደ ትርኢት እያየሁ ማለፍ አልፈልግም።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። መኪና አያስፈልግሽም። ሦስቱም ቦታዎች ያሉት በአንድ የባቡር መስመር ላይ ነው፤ በአረንጓዴው። ዩ ስትሪት፣ ቀጥሎ ሾ–ሃዋርድ፣ ከዚያ መሀል ከተማውን አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ አናኮስቲያ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ ተሳፈሪና ፎርት ቶተን ላይ ቀይሪ። የባቡር መክፈያውን ስማርትሪፕ ካርድ ስልክሽ ላይ መጫን ትችያለሽ።

የመጀመሪያውን ቀን ለዩ ስትሪት ስጪው። ከጣቢያው ስትወጪ በ10ኛው መንገድ በኩል ያለውን መውጫ ያዢ። ወዲያው የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ጥቁር ወታደሮች መታሰቢያ ታገኛለሽ። ሐውልቱ በ1998 የተመረቀ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከኋላው ግድግዳው ላይ የ209,145 ሰው ስም ተቀርጿል። እዚያ አትቸኩይ።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ሂጂ። 12ኛው ላይ ትሩ ሪፎርመር ሕንፃ አለ። በ1903 ነው የተሠራው። ንድፉም ገንዘቡም ግንባታውም የጥቁሮች ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ ሊንከን ቲያትር፣ 1922። ጎኑ በ1958 የተከፈተው ቤንስ ቺሊ ቦውል። ቲያትርና ሙዚቃ በደመቀበት ዘመን መንገዱ "ብላክ ብሮድዌይ" (የጥቁሮች ብሮድዌይ) ይባል ነበር።

13ኛው ላይ ወደ ደቡብ ታጠፊ። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን በልጅነቱ የኖረባቸው ቤቶች እዚያ ናቸው። ሰው ይኖርባቸዋል፤ ከውጭ አይተሽ እለፊ። ይሄ ሰው በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከጃንሆይ ኒሻን የተቀበለው ዱክ ኤሊንግተን ነው። የ13ኛውና የቲ ስትሪት ማዕዘን ላይ የዋይትሎው ሆቴል ሕንፃ አለ። በ1919 የተከፈተው የነጮቹ ሆቴሎች ጥቁር እንግዳ አናሳድርም ስለሚሉ ነው። ዛሬ መኖሪያ አፓርታማ ሆኗል።

መልስ (ሃዋርድ የተማረች)

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ግን 14ኛውና ዩ ስትሪት መገናኛ ላይ ቆም በይ እላለሁ። ሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ቁጣው የጀመረው እዚያ ነው። 13 ሰው ሞተ። ብዙ ሱቅ ተቃጠለ፤ ብዙዎቹ ዳግም አልተከፈቱም። ቤንስ በዚያ ሁሉ መሀል በሩን አልዘጋም። በኋላ ደግሞ ለሜትሮው ተብሎ መንገዱ ለዓመታት ተቆፈረ። የተረፉት ነጋዴዎች በዚያ ተጎዱ። ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። ቤት ኪራዩ ሲንር ነባሮቹ ቀስ በቀስ ወጡ። በ1970 ከዲሲ ነዋሪ 71 በመቶው ጥቁር ነበር። ከ2011 ጀምሮ ግማሽ አይሞላም። ስትሄጂ ያማሩ አዳዲስ ፎቆች ታያለሽ። ከሥራቸው ምን እንደነበረ አውቀሽ እያቸው።

በቲ ስትሪት ወደ ምሥራቅ ተመለሺ። 7ኛውን ስትሻገሪ ሃዋርድ ቲያትር አለ፤ 1910። ከዚያ ለድሮይት ፓርክ ትገቢያለሽ። ይህ ሰፈር በ1873 ሲቆረቆር ለነጮች ብቻ ነበር፤ አጥር ነበረው። በ1888 የተቃወሙ ሰዎች አጥሩን አፈረሱት። ቆይቶ የጥቁር ምሁራን ሰፈር ሆነ። የሜሪ ቸርች ቴሬል ቤት እዚያው ቲ ስትሪት ላይ ነው። እኚህ ሴት 90 ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ነው ጥቁር አናስተናግድም የሚሉ ምግብ ቤቶችን በሰልፍና በክስ የታገሉት። በ1953 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው።

ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። በ1867 የተመሠረተ ነው። ለእኛ ደግሞ የተለየ ቦታ ነው። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚህ ነው። ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ጥቁር አሜሪካውያንን ከኢትዮጵያ ጎን ለማሰለፍ ደከሙ። በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ካቋቋሙት ውስጥ ናቸው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም እዚህ ለዓመታት አስተምሯል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከግቢው ፊት ለፊት፣ ኃይሌ ገሪማና ባለቤቱ የከፈቱት ሳንኮፋ መጻሕፍት ቤት አለ። ቡና ይዘሽ አረፍ በይበት። ብቻዬን ስሆን በጣም የሚመቸኝ ቦታ ነው።

መልስ (ከአሌክሳንድሪያ)

እኔ ግን አናኮስቲያን ተዪው ባይ ነኝ። የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ ሙዚየም መሀል ከተማ አለ፤ ነፃ ነው። ሁሉንም እዚያ ታዪዋለሽ። ለምን ራስሽን ታስጨንቂያለሽ? ዘመዶችሽ የሚወዱሽ ስለሆኑ ነው የሚናገሩት።

መልስ (ታክሲ የነዳሁ)

ልጄ፣ ሙዚየሙንም እዪ፤ ትኬቱን ቀደም ብለሽ በኢንተርኔት ያዢ። ሙዚየም ግን ሰፈር አይሆንም። አናኮስቲያን 18 ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ወንጀል የለም አልልሽም። ችግር ያለባቸው መንገዶች አሉ። የአንቺ ጉዞ ግን ቀን በቀን ነው፣ ዋናውን መንገድ ይዞ።

እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ውጪ። ከአናኮስቲያ ጣቢያ እስከ ፀረ ባርነት ታጋዩ ፍሬድሪክ ዳግላስ ቤት በእግር ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። መንገዱን ባቡር ውስጥ እያለሽ አጥኚውና ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። ጆሮሽን በሙዚቃ አትድፈኚ። መሄድ ካልፈለግሽ ከጣቢያው ኡበር ጥሪ። ከመምሸቱ በፊት ተመለሺ። ይህንን ለየትኛውም የከተማው ክፍል እመክርሻለሁ።

ወደ ቤቱ ውስጥ የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። አስቀድመሽ ሰዓት አስይዢ፤ እኔ ሳላስይዝ ሄጄ ግቢውን ብቻ አይቼ ተመልሻለሁ። ደረጃው ብዙ ስለሆነ ምቹ ጫማ አድርጊ። ላይ ስትደርሺ ዞር በይ፤ የምክር ቤቱ ጉልላት ከሩቅ ይታያል። ያ ሰፈር ሲመሠረት ለጥቁር መሬት እንዳይሸጥ በውል ተከልክሎ ነበር። ክልከላውን ካወጡት አንዱ የሠራውን ቤት ዳግላስ በ1877 ገዛው። በባርነት የተወለደ ሰው ነው። በ1895 እዚያው ቤት አረፈ። ጓሮ ያለችውን ትንሽ የድንጋይ ጎጆ ሳታዪ አትውጪ፤ ለብቻው እየሆነ የሚያነብበትና የሚጽፍበት ነበረች።

መልስ (አረጋውያን የምትንከባከብ)

አሌክሳንድሪያ ላለኸው ወንድሜ፣ በክፋት እንዳላልክ አውቃለሁ። እኔ ግን በሳምንት ሦስት ቀን አናኮስቲያ እሠራለሁ። በባቡር እሄዳለሁ፣ በእግር እመለሳለሁ። በር ላይ የተቀመጡ አሮጊቶች ስሜን ያውቃሉ። ያለ ሰላምታ ካለፍኩ "ዛሬ ምን ሆነሻል?" ይሉኛል።

እህቴ፣ "እንዴት ልሁን" ላልሽው መልሱ ይኸው ነው። ሰላም በይ። በረንዳ ላይ ለተቀመጠ ሰው ጎንበስ ብሎ "ጉድ ሞርኒንግ" ማለት እንደ አገራችን ነው፤ ዝም ብሎ ማለፍ ያስቀይማል። ሰው ሳታስፈቅጂ ፎቶ አታንሺ፤ ልጆችን ጭራሽ። ጊዜ ተርፎሽ ከሆነ የአናኮስቲያ ማኅበረሰብ ሙዚየምን እዪ። በ1967 ነው የተከፈተው፤ መግቢያው ነፃ ነው፤ አውቶቡስ ያዢ፣ ዳገት ነው።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ልቤ ረጋ። ምግብስ? አሳማ አልበላም።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ጥሩ ጠየቅሽ። ሃፍ ስሞክ የሚባለው የዲሲ ቋሊማ በተለምዶ የአሳማና የበሬ ሥጋ ቅልቅል ነው። ቤንስ ውስጥ ሥጋ የሌለበት ቺሊ አለ፤ እሱን እዘዢ። ፍሎሪዳ አቬኑ ግሪል ከ1944 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ጎመናቸውን ስታዪ የእናትሽን ጎመን ይመስልሻል፤ ግን በእነዚህ ቤቶች ጎመን ብዙ ጊዜ በአሳማ ሥጋ ይቀቀላል። ሳታዝዢ ጠይቂ። አይከፋቸውም።

መልስ (ሃዋርድ የተማረች)

ማታ 9ኛው መንገድ የእኛው ቤቶች አሉ፤ እንጀራ አታጪም። ስለዚያ መንገድ ግን አንድ ነገር ልበል። በ2000ዎቹ አጋማሽ የእኛ ነጋዴዎች "ሊትል ኢትዮጵያ" ተብሎ በይፋ ይሰየም ሲሉ ነባር ነዋሪዎች ተቃወሙ። ያኔ ብዙዎቻችን ጠሉን ብለን አዘንን። እኔም አዝኜ ነበር። አሁን ሳስበው ሰዎቹ የተናገሩት ስለ ራሳቸው ሐዘን ነው። ቤታቸው ተቃጠለ፣ መንገዳቸው ተቆፈረ፣ ኪራይ አባረራቸው። በዚያ ላይ ስሙም ሊሄድባቸው ሆነ። እኛን ወደዚህ አገር ያስገባን የ1965 የኢሚግሬሽን ሕግ እንኳ የመጣው በእነሱ የሲቪል መብት ትግል ዘመን ነው።

ደግሞ 7ኛውና ፍሎሪዳ አቬኑ ማዕዘን ላይ ጎጎ የሚባለውን የዲሲ ሙዚቃ ብትሰሚ ቆም በይ። በ2019 ድምፁ ይቀነስ ተብሎ ሰፈሩ ሆ ብሎ የተነሣው ለዚያ ነው። በ2020 ጎጎ በሕግ የከተማው ሙዚቃ ሆነ።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)

ለቅዳሜ ጠዋት የዳግላስን ቤት አስያዝኩ። እሑድ ዩ ስትሪት። ለባልደረባዬ ስነግራት አንድ አደራ ሰጠችኝ። የአያቷ አያት በዚያ ጦርነት ወታደር ነበሩ ይባላል። ስማቸውን ግድግዳው ላይ ፈልጌ ፎቶ ላነሳላት እፈልጋለሁ። ከሁለት መቶ ሺህ ስም ውስጥ እንዴት ይገኛል?

መልስ (ታክሲ የነዳሁ)

ይገኛል ልጄ። ስሞቹ የተደረደሩት በየክፍለ ጦሩ ነው። ስለዚህ ከስሙ በፊት ክፍለ ጦሩን ማወቅ አለብሽ። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ የዚያ ጦርነት ወታደሮች ስም ዝርዝር አለ፤ በስም ስትፈልጊ ክፍለ ጦሩን ያወጣልሻል። ሙሉ ስማቸውንና ከየትኛው ግዛት እንደነበሩ ዛሬውኑ ጠይቂያት። ተመሳሳይ ስም ስለሚበዛ ሁለት ሦስት አማራጭ ጽፈሽ ያዢ። ለፎቶው ጠዋት ሂጂ፤ ስሞቹ ያሉበት ብረት ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ጽሑፉ አይነበብም።