የዋሽንግተን አዋጅ «ገለልተኝነት» ነው ወይስ «አለማዳላት»?

ሰምና ወርቅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጆርጅ ዋሽንግተን በኤፕሪል 22 ቀን 1793 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን አዋጅ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ፈረንሳይና እንግሊዝ ጦርነት የገጠሙ ጊዜ የወጣው ማለቴ ነው። ሁሉም ሰው «የገለልተኝነት አዋጅ» ይለዋል። ጽሑፉን ሳየው ግን ቃሉ ውስጡ የለም! ለተፋላሚዎቹ «ወዳጃዊና የማያዳላ» አቋም ይኖረናል ነው የሚለው። ርእሱን ምን ልበለው?

የቀለም ልጅ፦ ቃሉ ተረስቶ አይደለም የቀረው። የውጭ ጉዳይ ኃላፊው ጄፈርሰን ነው እንዳይገባ የተከራከረው። ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የኮንግረስ ስለሆነ፣ «አንዋጋም» ብሎ ማወጅም ለፕሬዚዳንቱ ብቻ አይሰጥም ባይ ነው። ደግሞ የነጋዴ ብልጠትም ነበረችው፦ እንግሊዝ ገለልተኝነታችንን ከፈለገች ዋጋ ትክፈልበት እንጂ ለምን በነጻ እንሰጣለን? (እኔን የምትጥመኝ ይቺ ናት።) ያም ሆኖ ስሙ ጸንቷል። ርእሱ ላይ «ገለልተኝነት» በል፣ ውስጡ ግን እንዳታስገባው።

እመት ፊደል፦ እኔን «ገለልተኛ» ራሱ አይመቸኝም። ገለል ማለት እኮ ዞር ማለት ነው። አሜሪካ መቼ ዞር አለች? መርከቦቿ ከሁለቱም ጋር ይነግዱ ነበር። ከፈረንሳይ ጋር ደግሞ የ1778ቱ የኅብረት ውል አለባት፤ በአሜሪካ አካባቢ ያሉ ግዛቶቿን ልትጠብቅላት ቃል ገብታለች። የግምጃ ቤት ኃላፊው ሃሚልተን የፈረንሳዩ ንጉሥ አንገቱ ስለተቀላ ውሉ ለጊዜው ይታገድ ቢልም፣ ዋሽንግተን ግን አላፈረሰውም። ታዲያ ይሄ ገለል ማለት ነው? ከሁለት ጠበኞች ጋር ሰላምታ አለማቋረጥ እንጂ።

የቀለም ልጅ፦ እመት፣ ልክ ነዎት፤ ግን ገለል የተባለው ከጠቡ ነው፣ ከገበያው አይደለም። እሱም ቢሆን ቀላል አልነበረም። የፈረንሳዩ መልእክተኛ ዤኔ ቻርለስተን ላይ ከመርከብ እንደወረደ፣ የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች እያሳደዱ ለሚይዙ መርከቦች ፈቃድ ያድል ጀመር። እዚያ ሥራ ላይ የገባ ጌዲዮን ሄንፊልድ የሚባል አሜሪካዊ መርከበኛ ፊላደልፊያ ተከሰሰ። ጁሪው (ከተራው ሕዝብ የተውጣጣው የፈራጆች ቡድን) በነጻ ለቀቀው! ኮንግረስ በ1794 ሕግ ያወጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሚገርመው፣ «የገለልተኝነት ሕግ» የምንለው የዚያ ሕግም ርእስ ቃሉን አይጠቅስም። ስለ አንዳንድ ወንጀሎች ቅጣት በወጣው ሕግ ላይ የተጨመረ ነው የሚለው።

ሰምና ወርቅ፦ ገባኝ፣ ርእሱ ላይ አኖረዋለሁ። አንድ ይቅረኝ፤ አዋጁ ውስጥ «ኮንትሮባንድ» የሚል አለ። እንዳለ ልተወው?

እመት ፊደል፦ ብቻውንማ አትተወው ልጄ! የኛ ሰው ኮንትሮባንድ ሲባል ጉምሩክን ሸውዶ የገባ ዕቃ ነው የሚመስለው። እዚህ ግን ለተዋጊ የሚጫን ጦር መሣሪያና ባሩድ ነው፣ ቀረጡ ቢከፈልም ባይከፈልም። «የተከለከለ ዕቃ» እንዳትለው ደግሞ። አሜሪካ ዜጎቿን መሣሪያ አትሽጡ አላለችም፤ ባሕር ላይ ብትያዙ ግን አልከላከልላችሁም ነው ያለችው። «የጦርነት ኮንትሮባንድ» በለውና ከግርጌ ይህንኑ አስረዳ።