ሌሊት የሚደነዝዝ እጅ፦ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰላም ወገኖች። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ እጅጌ ነው የምገጥመው። ጨርቁን ገፋ፣ አዙር፣ ክሩን ቁረጥ፣ እንደገና ገፋ።

አሁን ቀኝ እጄ አስቸገረኝ። አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚዬና የመሃል ጣቴ ሌሊት እየደነዘዙ ከእንቅልፌ ያባንኑኛል። እጄን ሳራግፈው ትንሽ ለቀቅ ያደርገኛል። ትንሿ ጣቴ ግን ደህና ናት። ሰሞኑን ቡና ስቀዳ ጀበናው ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው።

ደሴ ሄጄ ታየሁ። «አንጓሽ ላይ ነርቭ ተጭኖ ነው፤ ሌሊት አንጓሽን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ እሰሪ፣ በየመሃሉ እረፍት ውሰጂ» አሉኝ። እረፍቱን ለአለቃዬ ማን ይንገርልኝ! ኮታ አለ። የሰፈር ሰው ደግሞ «ወጌሻ ጋ ሂጂና ታሺ» ይላል። የተጫነ ነርቭ ላይ ሌላ መጫን አልዋጥልኝ አለ።

ድጋፉን ደሴ ወይ እዚህ የት አገኛለሁ? ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሮ የተሻለው አለ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ የመጣ በሽታም የሥራ ላይ ጉዳት ነው። ታዲያ የሐኪም ወረቀቱን ይዤ መጀመሪያ ማን ጋ ልሂድ፣ ሰው ሀብት ወይስ ሠራተኛ ማኅበሩ?