ጎጃም ተቀምጦ የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ እንዳይዘጋ

ጥያቄ፦ የማርቆሱ
ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ዓመት ያህል ደብረ ማርቆስ ልቀመጥ ነው። አሜሪካ ያወጣኋቸው አራት ክሬዲት ካርዶች አሉኝ፤ ሁለቱን አሜሪካም ሆኜ እምብዛም አልነካቸውም። አንደኛው በየዓመቱ 95 ዶላር ያስከፍላል። ሥራ ፈቱ ብለው እንዳይዘጉብኝ በትንሽ ድካም ምን ላድርግ? አልፎ አልፎ ከኤቲኤም ብር ባወጣባቸውስ?

የቡሬዋ
ወንድሜ፣ ኤቲኤሙን እርግፍ አድርገህ ተወው። በክሬዲት ካርድ ጥሬ ብር ማውጣት ብድር እንጂ ግዢ አይደለም። ባንኩ ብዙ ጊዜ 10 ዶላር ወይም የገንዘቡን 5 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይቆርጣል። ወለዱም ከዚያው ዕለት ይጀምራል፤ ለግዢ የሚሰጠው ያለ ወለድ የመክፈያ ጊዜ ለዚህ አይሠራም። በብዙ ካርዶች ላይ 3 በመቶ ገደማ የውጭ አገር ክፍያም ይጨመርበታል። በክሬዲት ካርድ ሐዋላ መላክንም ብዙ ባንኮች እንደዚሁ ነው የሚያዩት። ለጥሬ ብር የዴቢት ካርድ ያዝ።

የዳንግላው
ሥራው ከመሳፈርህ በፊት ይጠናቀቅ። ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ ትንሽ ወርኃዊ ክፍያ መድብለት፤ የስልክ ፎቶ ማስቀመጫ ወይም የሙዚቃ አገልግሎት ይበቃል። ቀጥሎ በየባንኩ አፕ ገብተህ አውቶፔይ (የካርዱን ዕዳ በየወሩ በራሱ የሚከፍል አገልግሎት) ክፈት። «ዝቅተኛው ክፍያ» እና «የወሩ ሙሉ ሂሳብ» የሚሉ ምርጫዎች ይመጣሉ፤ ሙሉውን ምረጥ። ዝቅተኛውን ከመረጥክ ቀሪው ወለድ ይወልዳል። አውቶፔይ አንዳንዴ የሚጀምረው ከሚቀጥለው ወር ስለሆነ የመጀመሪያውን በእጅህ ክፈል፣ ሁለተኛው በራሱ ሲወጣ አይተህ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ማርቆስ ላይ መብራትም ኔትወርክም ቢጠፋ ክፍያው አንተን አይጠብቅም።

አውቶፔዩ ገንዘብ የሚወስድበት የባንክ ሂሳብ ውስጥ የዓመት ክፍያ ያህል ተቀማጭ ተው። ክፍያው 30 ቀን ካለፈው በክሬዲት ሪፖርትህ (የብድር ታሪክህ መዝገብ) ላይ ይጻፋል፣ 7 ዓመትም ይቆያል። ለአምስት ዶላር ብሎ እዚያ ውስጥ መግባት ያሳዝናል።

የሞጣው
ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አራቱንም በወርኃዊ ክፍያ ማሰር ግን አያስፈልግም። ካርድ ሲታደስ የሚያበቃበት ቀን ይለወጣል፣ አገልግሎቱ አዲሱን ካላወቀ ክፍያው ይቋረጣል፣ አንተም ሳታይ ካርዱ ሥራ ፈት ይሆናል። እኔ የምመክረው በመስቀል፣ በጥምቀት፣ በፋሲካና በቡሄ ሰሞን በእያንዳንዱ ካርድ የ5 ዶላር ግዢ ነው፤ በኢንተርኔት መደብር የስጦታ ሂሳብ መሙላት ይቻላል። ከአንድ ዶላር በታች ግን አይሁን፣ አንዳንድ ባንክ ሳንቲሟን ራሱ ይሰርዛታል። አውቶፔዩ እንደተከፈተ ይቆይ።

ባንኮች ስንት ወር እንደሚታገሡ በግልጽ አይናገሩም፤ የአሜሪካ ሕግም በሥራ ፈትነት ሲዘጉ ምክንያቱን ጽፈው እንዲያሳውቁህ አያስገድዳቸውም። ስለዚህ ከአራት ወር ገደማ በላይ አታሳድረው።

የማርቆሱ
የ95 ዶላሩንስ ብዘጋው?

የቡሬዋ
አትዝጋው። ደውለህ ዓመታዊ ክፍያ ወደሌለው የዚያው ባንክ ካርድ እንዲቀይሩልህ ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ የሂሳቡ ዕድሜና ሊሚቱ (በካርዱ መበደር የምትችለው ጣሪያ) እንዳለ ይቀጥላል። ዓመታዊ ክፍያ እየከፈልኩ ነው ብለህም አትዘናጋ፣ እሱ እንደ መጠቀም አይቆጠርም።

ሲዘጋ ቶሎ የሚጎዳህ ሊሚቱ ነው። የአራቱ ካርዶች ሊሚት በድምሩ 20,000 ዶላር ቢሆንና 2,000 ብትጠቀም 10 በመቶ ነው፤ የ10,000 ሊሚት ያለው አንድ ካርድ ቢዘጋ ያው 2,000 ወደ 20 በመቶ ይወጣል፣ ስኮርህም (በብድር ታሪክህ የሚሰጥህ ነጥብ) ይወርዳል። የዕድሜው ጉዳይ ለጊዜው አያሳስብም፤ ያለ ዕዳ የተዘጋ ሂሳብ እስከ 10 ዓመት ሪፖርቱ ላይ ይታያል።

የፍኖተ ሰላሙ
ሁሉም የረሳችሁት የስልክ ቁጥሩን ነው። ባንኩ መግቢያ ኮድ የሚልከው በአሜሪካ ቁጥርህ ነው፤ ቁጥሩ ከተቋረጠ አፑን መክፈት ይቸግርሃል። ኮንትራቱን አትሰርዝ፣ በዋይፋይ ጥሪና መልእክት ወደሚቀበል ርካሽ ፓኬጅ አዛውረው። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ካለህ በአንደኛው ኢትዮ ቴሌኮምን፣ በሌላው ያንን ያዝ። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩ ነጻ ቁጥሮችን አንዳንድ ባንኮች አይቀበሉም፣ በእነሱ አትተማመን። አሜሪካ እያለህ በዋይፋይ ብቻ ኮድ መምጣቱን ሞክር፦ ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርገህ ዋይፋዩን ክፈትና ወደ ባንኩ ግባ።

አድራሻህንም ወደምታምነው ዘመድ ቤት ቀይር። በሁለት ዓመት ውስጥ የሚያበቃ ካርድ ካለ አዲሱ በፖስታ የሚመጣው እዚያ ነው፤ በብዙ ባንኮች በአፑ ማስጀመር ይቻላል፣ ካልተጀመረ ግን የመስቀሉም የጥምቀቱም ግዢ አያልፍም።