ተማሪዎቼ ስለ ጦርነት ሲጽፉ ጀግናው ስም የለውም፤ ምን ላድርግ?

የፒያሳ አስተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የሥነ ጽሑፍ ክበቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። በዚህ መንፈቅ የ11ኛ ክፍል ልጆች አጭር ልቦለድ እንዲጽፉ ሰጠኋቸው። ርዕሱን ራሳቸው መረጡ፤ ጦርነት አሉ። አያስገርምም። የምኒልክ ሐውልት ከደጃችን ቅርብ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ እየተቧደኑ ገብተው አይተውታል።

ጽሑፎቹን ሰብስቤ አነበብኩ። አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ጀግናው ምሽግ ውስጥ አለ። ይመታል። ደረቱ ላይ ሦስት ጥይት ይዞ አንድ ገጽ ሙሉ ይናገራል፤ ስለ እናት ሀገር፣ ስለ አደራ፣ ስለ ደም። ከዚያ ደብዳቤ ከኪሱ አውጥቶ ለጓደኛው ይሰጥና ያሸልባል። አማርኛቸው መጥፎ አይደለም፤ የአንዳንዶቹ እንዲያውም ያምራል። ግን ጀግናው ስም እንኳ የለውም። የት እንደተዋጋ አይታወቅም። ዓድዋም በሉት፣ ማይጨውም በሉት፣ ካራማራም በሉት፣ የቅርቡንም በሉት፣ ለሁሉም ይሆናል።

አንዲት ተማሪዬ ግን ዘጠኝ መስመር ብቻ ጽፋ ሰጠችኝ። ከሰሜን ተፈናቅላ ከአክስቷ ጋር የመጣች ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ብዙ አትናገርም። ፈቃዷን ጠይቄ መጨረሻውን እዚህ አስቀምጣለሁ፦

«አክስቴ የጤፉን ጆንያ እየገፋች ወስዳ በሩ ላይ አስደገፈችው። ጆንያው ግማሽ ነበር። ወንድሜ ሄዶ ላዩ ላይ ተቀመጠ። አሁን ሙሉ ነው አለ። ስድስት ዓመቱ ነበር።»

አለቀ። ተኩስ የለም፣ ደም የለም፣ ከውጭ ማን እንደመጣ እንኳ አልተጻፈም። እኔ ግን ያቺን ጆንያ ከዓይኔ ማጥፋት አልቻልኩም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። መመዘኛው ቢያንስ ሁለት ገጽ ይላል፤ ይህችን ልጅ እንዴት ላርማት? ሌሎቹንስ እንዲህ እንዲያዩ እንዴት ላስተምራቸው? እሷን ለክፍሉ ማሳያ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። እነሱ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተደገፈ በር አላዩም።

የታሪክ ጡረተኛ

ልጄ፣ በርቺ። እኔ ታሪክ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ልጆቹ ቀኑን ያውቁታል፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ይሉሻል። ጥማቱን ግን አያውቁም። ጦርነት ሲባል የሚታያቸው ጎራዴና ፈረስ ነው።

መቀሌን ንገሪያቸው። ጥር 1888 የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ ይዞ የተቀመጠው የጣሊያን ጦር ለቆ የወጣው በጎራዴ ተሸንፎ አይደለም። ምሽጉን በቀጥታ መግጠም ብዙ ሰው አስጨርሶ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ምሽጉ የሚቀዳበት ምንጭ ይያዝ ብለው መከሩ፤ ተያዘ። ውስጥ ያለው ወታደር ውሃ እየተለካ ሲታደለው ሰንብቶ በመጨረሻ ለቆ ሄደ። እንግዲህ ለተማሪ ስንት ነገር አለው! ምንጩን ሌሊት ሲጠብቅ ያደረው ሰው ምን ይሰማ ነበር? ውሃ የሚለካው ወታደር ጓደኛው ሲለምነው ምን መለሰ? አንዱን ይምረጡ። እዚያ ውስጥ አንድ ገጽ ንግግር ማስገባት አይቻልም፤ ጉሮሮው ደርቋል።

ሌላው የክተት አዋጁ ነው። ምኒልክ ጉልበት ያለውን በጉልበትህ እርዳኝ አሉ። ጉልበት የሌለውን ደግሞ ለልጅህ፣ ለምሽትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል በሐዘን እርዳኝ አሉት። ልጆቹ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚጽፉት። ቤት የቀረውን ሰው ንጉሡ ራሳቸው ቆጥረውታል። እኛ ለምን እንተወዋለን? ያቺ ተማሪሽ የጻፈችው ስለ እነዚህኛዎቹ ነው።

ከቻልሽ ደግሞ ስድስት ኪሎ ውሰጃቸው። ሐውልቱን በታክሲ መስኮት ነው የሚያዩት፤ ዙሪያውን ዞሮ ቅርጾቹን ያየ ጥቂት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ሲወረውሩ ገነተ ልዑል ግቢ ውስጥ ምጽዋት ሊቀበል የተሰበሰበ ድሃ ነበር። ሊዋጋ አልመጣም። የመጣው ለጥቂት ሳንቲም ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሦስት ቀን ታውቂዋለሽ። ያ ግቢ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ነው። ቤተ መንግሥቱ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሆኗል። ፊት ለፊቱ ጣሊያን የሠራው ደረጃ አለ፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ልጆቹ እዚያ ቆመው ሰልፉ ውስጥ ስለነበረ አንድ ሰው ይጻፉ። ማን ቤት ይጠብቀው ነበር? ሳንቲሙን ለምን ፈለገው?

ቀረርቶ ወዳድ

ጋሼ ባሉት እስማማለሁ፤ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ጥፋቱ ሁሌ ወደ ፉከራና ቀረርቶ ይዞራል። ልጆቹ ከዚያ የቀዱት ይመስላል። እኔ ግን አይመስለኝም። ፉከራ ቢያውቁ ኖሮ ጀግናቸው ስም ይኖረው ነበር።

ፎካሪ መሐል ሲወጣ የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደዋለ፣ ምን እንደጣለ ይናገራል። አጠገቡ አብረውት የዋሉ ሰዎች አሉ። ቢዋሽ ይዋረዳል። በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው፤ አባ ዳኘው ስትል ምኒልክ ናቸው፣ አባ ነፍሶ ስትል ባልቻ ናቸው። ዝም ብሎ «ጀግናው» የሚባል ሰው የለም።

ይህችን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፦

ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ፣
መድፍ አገላባጭ ብቻ ለብቻ።

ሁለት መስመር ናት። የሁለት ሰው ስም አለ። አንዱ ሞቷል። ሌላው ቦታውን ይዟል። መሣሪያው ምን እንደሆነ እናውቃለን። መድፉ ጋ ብቻውን መሆኑንም እናውቃለን። ስለ አደራ አንድም ቃል የለም፤ ግን አደራው ያለው እዚያው ነው። ገበየሁ መሬት ላይ ወድቆ ንግግር ሲያደርግ አይታይም፤ ቦታው ሳይቀዘቅዝ ሌላ ሰው ደርሷል።

ስለዚህ እህቴ፣ ፉከራን አትከልክያቸው፤ አስተምሪያቸው። ሙሾንም ጨምሪበት። ደህና አልቃሽ «ጥሩ ሰው ነበር» ብላ አታልፍም። አረማመዱን ታነሳለች፣ ልብሱን ታነሳለች፣ ደጁን ከፍቶ እንግዳ ሲቀበል የሚለውን ታነሳለች። ለቀስተኛው የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው። የልጆቹን ጽሑፍ የበላው ከትምህርት ቤት በዓል መድረክና ከቴሌቪዥን ድራማ የለመዱት ንግግር ነው እላለሁ።

ስሜ ይቆይ

እኔ የማወራው በልጅቷ ቦታ ሆኜ ነው። በ2014 ከቤታችን ወጥተን አዲስ አበባ ስንገባ 10ኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ መምህር ጽሑፌን ወደደውና ተነስተሽ አንብቢ አለኝ። አነበብኩ። ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ፣ ሁለት ልጆች አለቀሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ስሜ ጠፋ። «ተፈናቃይዋ» ሆንኩ። ደብተር የሚያውሱኝ እንኳ አዝነውልኝ ነበር። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም።

አንቺ ፈቃዷን መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ግን ተማሪ መምህሩን እምቢ ማለት ይከብደዋል። ስትጠይቂያት እምቢ የምትልበት መንገድ ስጫት። ነገ ንገሪኝ በያት፣ ወይም በወረቀት ጻፊልኝ በያት። ሁልጊዜ ሁለተኛ ርዕስ ይኑር። እሷ ስለ ጦርነት ብቻ እንድትጽፍ አትጠብቂ። ስለ እግር ኳስ ልትጽፍ ትችላለች፣ ስለ ፍቅር ልትጽፍ ትችላለች። እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ድመታችን ብቻ ነበር የጻፍኩት።

ዘጠኙን መስመር ደግሞ አስረዝሚው አትበያት። እባክሽ። እዚያ ጋ ያቆመችው ቃል አጥሯት አይደለም።

የፒያሳ አስተማሪ

«ስሜ ይቆይ»፣ ይህን በመጻፍሽ እጅግ አመሰግንሻለሁ። በወረቀት ይሁን ያልሽውን ከነገ ጀምሬ ለሁሉም አደርገዋለሁ፤ ለእሷ ብቻ ካደረግኩት መልሶ እሷን መለየት ይሆናል። ለጊዜው ግን ከላይ ያስቀመጥኩትን ላንሳው ወይ ብዬ ልጅቷን ዳግም እጠይቃታለሁ፤ አንሺው ካለችኝ ዛሬውኑ ይነሳል።

ጋሼ፣ የውሃውን ነገር ክፍል ውስጥ ሳነሳው አንድ ሁልጊዜ ኋላ የሚቀመጥ ልጅ «መያዣው ምንድን ነበር፣ ቅል ነው ወይስ ጣሳ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጀግናውን አንድ ገጽ ያናገረው እሱ ነበር። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ማታ ማታ የምጽፍ

ስለ አጻጻፉ ትንሽ ልጨምር። ልጆቹ ሁሌ ታሪኩን ለተዋጊው ነው የሚሰጡት። በዓሉ ግርማ ኦሮማይን ሲጽፍ ተራኪው ጋዜጠኛ ነው። ጸጋዬ ኃይለማርያም አሥመራ ውስጥ የቀይ ኮከብ ዘመቻን የሚያየው በሥራው በኩል ነው፤ ስብሰባው፣ ሆቴሉ፣ ፍቅሩ፣ ሹማምንቱ። ጦርነቱ በዚያ ሁሉ ውስጥ ገብቶ ይታያል። ተራኪን መለወጥ ብቻውን ብዙ ይሠራል። ሾፌሩ ይናገር፣ ነርሷ ትናገር፣ ስንቅ ያቀበለችው ትናገር።

የመጽሐፉን ዕጣም ይወቁት። በ1975 ታተመ፣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የ11ኛ ክፍል ልጅ ስለ ጦርነት እውነቱን መጻፍ ዋጋ እንዳስከፈለ ቢያውቅ ብዕሩን የሚይዝበት መንገድ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። ቢያንስ እኔን ለውጦኛል።

አንድ ልምምድ ልስጥሽ። አሥር መስመር ብቻ ይጻፉ። ማንም እንዳይሞት። አንድ ዕቃ ይኑር፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የሚነካ ዕቃ። «ጀግና»፣ «ደም» እና «እናት ሀገር» የሚሉት ቃላት አይገቡም። ለጊዜው ነው እንጂ ቃላቱ ጠልተናቸው አይደለም፤ ልጆቹ ያለ እነሱ መቆም ይልመዱ። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው ዕቃ ምን እንደሚናገር ያውቃል። እኔ መስታወቱ ውስጥ ካለው አጥንት ይልቅ ልብሱ ፊት ነው ረጅም የቆምኩት። ግን እዚያ በጅምላ አትውሰጃቸው። የሚፈልግ ከወላጁ ጋር ይሂድ።

የታሪክ ጡረተኛ

ፉከራን በተመለከተ የተጻፈው ልክ ነው፤ በደንብ አስረድቶታል። ጣሳ ይሁን ቅል ብሎ የጠየቀውን ልጅ ደግሞ አደራ ያዢው።

የፒያሳ አስተማሪ

እሺ ጋሼ። እርማቱን ከክፍል ኃላፊያችን ጋር ተነጋገርንበት። የገጽ ብዛት የሚለውን አወጣነው። በምትኩ «ቦታው፣ ሰውና ዕቃው ተለይቶ ይታወቃል ወይ?» የሚል ገባ። ዘጠኙ መስመር በዚህ ሚዛን ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። ረጅሙን የጻፉትም አልተጣሉም፤ ለጀግናው ስም፣ መንደርና አንድ የሚጠብቀው ሰው ሰጥተው ደግመው እንዲጽፉ መለስኩላቸው።

የአሥር መስመሩን ልምምድ ሰኞ እንጀምራለን። እርስዎ ጤናዎ ከፈቀደ ስድስት ኪሎ አብረውን ይመጣሉ? ስለ ሰልፉ እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል ብዬ ነው።

የታሪክ ጡረተኛ

እመጣለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ሐውልቱ ጋ እንገናኝ፤ በኋላ ፀሐዩ ይከብዳል። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ለመግባት ደብዳቤ ስለሚጠይቁ ከትምህርት ቤቱ ቀድመሽ አጽፊ፤ ማኅተም ይኑረው። ደብተርና እርሳስ ይያዙ። መምጣት ያልፈለገ ልጅ ካለ ምክንያቱን አትጠይቁት።