የሎግ ደረጃ ስሞች፦ የጋራ ሐሳብ፣ ረቂቅ 2 (ሎግ ፕሮግራም እየሠራ የሚጽፈው መዝገብ ነው፤ ደረጃው የመስመሩን ክብደት ይነግራል)

አስተባባሪ፦ ረቂቁ ከቀላሉ ወደ ከባዱ 5 ደረጃ ነው፤ ዲበግ (ለፍተሻ የሚጻፍ ዝርዝር)፣ ኢንፎ (መረጃ)፣ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ)፣ ኤረር (ስህተት)፣ ፌታል (የከፋ ስህተት)። ተረኛውን ሌሊት የሚቀሰቅሰው ፌታል ብቻ ይሁን። የኤስኤምኤሱን ሂሳብ ሁላችንም እያዋጣን፣ ኤረር በተጻፈ ቁጥር መልእክት መላክ አይቻልም።

ጃቫ ቡድን፦ ዋርኒንግ ከየት መጣ? የጃቫ ሎግ መጻፊያዎቹ ሎግፎርጄም ኤስኤልኤፍፎርጄም ዋርን ነው የሚሉት። የእኛ የደረጃ ዓምድ በእንግሊዝኛ 5 ፊደል ነው የተስተካከለው፤ የዋርኒንግ 7 ፊደል ሲገባበት መስመሩ ይዛነፋል።

ፓይተን ቡድን፦ ፓይተን የሚያወጣው ዋርኒንግ ነው። ዋርን የሚለው ፈንክሽን እንዲቀር ከተባለ ቆይቷል። ለዓምድ ማማር ብለን ኮድ አንነካም።

ጃቫ ቡድን፦ የማማር ጉዳይ አይደለም! የጋራው ማጣሪያ «ዋርኒንግ» ብቻ ሲፈልግ የእኛ መስመሮች ከዳሽቦርዱ (ከመከታተያ ሰሌዳው) ይጠፋሉ። ስህተት አያሳይም፤ ዜሮ ነው የሚያሳየው፤ ዜሮ ያየ ሰው ደግሞ ሰላም ነው ብሎ ያልፋል። እኩል እያዋጣን ሁልጊዜ የምንለውጠው እኛ ነን።

ፓይተን ቡድን፦ እንግዲያው በደረጃ ቁጥር ይጣራ።

ሰርቨር ክፍል፦ በየትኛው ቁጥር? በአርኤፍሲ 5424 (የኢንተርኔት መመዘኛ ሰነድ) ሲስሎግ የሚባለው የሎግ ደንብ ከ0 እስከ 7 ነው፤ የከፋው 0። ፓይተን ዲበግን 10፣ የከፋውን ክሪቲካልን 50 ይላል። «ከ4 በላይ ላክ» ብላችሁ ሲስሎግ ላይ ብትጽፉ ኖቲስ፣ ኢንፎና ዲበግ ይመጣሉ፤ 3 የሆነው ኤረር ይቀራል።

ጎ ቡድን፦ ፌታልን ማንም አላየውም እንዴ? በጎ ቋንቋ ነባሩ የሎግ ፓኬጅ ፌታል ጽፎ ፕሮግራሙን በኮድ 1 ይዘጋዋል፤ ዲፈር የተደረገው (በመጨረሻ እንዲሠራ የተቀመጠው) ሁሉ ሳይሠራ ይቀራል። ሌላው የጎ ፓኬጅ ኤስሎግና ኤስኤልኤፍፎርጄ ደግሞ ፌታል የሚባል የላቸውም። በዚህ ረቂቅ በኤስኤልኤፍፎርጄ የሚጽፍ የጃቫ አገልግሎት ቢወድቅ ማንም አይቀሰቀስም።

ጃቫ ቡድን፦ እሱ ይቆየን፤ መጀመሪያ ዋርን ይወሰን።

ፓይተን ቡድን፦ ተወስኗል፤ ዋርኒንግ ነው።

ጃቫ ቡድን፦ ማን ወሰነው? እንዲህ ከሆነ መዋጮውንም እናንተው ክፈሉት።

ሰርቨር ክፍል፦ ተረጋጉ። ዋርንም ዋርኒንግም ሲገባ ሎግ ሰብሳቢው ፕሮግራም በኦፕንቴሌሜትሪ (የክትትል መረጃ መመዘኛ) ቁጥር 13 ይስጠው፤ የመጣው ጽሑፍ እንዳለ ይቀመጥ። ማንም ኮድ አይነካም።

ጃቫ ቡድን፦ እንደዚያ ከሆነ እንስማማለን። ቃል ካጠነከርን ይቅር በሉን።

አስተባባሪ፦ የስምና የቁጥር ማዛመጃ ሠንጠረዡን እጽፋለሁ ያለው አባል የት ደረሰ?

ሰርቨር ክፍል፦ መልስ የለም። ሠንጠረዡ እስኪመጣ ዲስኩ እየሞላ ነው፤ የሚሞላው ደግሞ በዲበግ ነው።

አስተባባሪ፦ እንግዲያው ረቂቅ 3፦ ስሞቹ ባሉበት ይቆዩ፤ ዲበግ ወደ ጋራ ሰርቨሩ አይግባ።

ጎ ቡድን፦ ፌታሉስ?

ፓይተን ቡድን፦ ዲበግ ጭራሽ አይከልከል፤ 3 ቀን ቆይቶ ይሰረዝ።

ጃቫ ቡድን፦ 3 ቀን አይበቃም፤ 7 ይሁን።